ውሃው ከየት ነው? የባኞ ቤት ሻጋታ ማስታወሻ ከየካ አባዶ

ሰኔ 29

ተመልሶ መጣ። ከሻወሩ በላይ፣ ጣሪያው ከውጭው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ። ዛሬ ጠዋት ልጄን ሳጥብ ቀና ስል አየሁት። ባለፈው ሳምንት እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ።

ይህን ጥግ ሦስት ጊዜ አስቀብቼዋለሁ። በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ፣ ቤቱ ለእንቁጣጣሽ ነጣ እንዲል። ቀለም ቀቢው የሚለኝ ሁሌ አንድ ነው። «እህቴ፣ ደረብ አድርገን ከቀባነው አይመለስም።» ከጥቅምት እስከ ግንቦት እውነቱን ይመስላል። ዝናቡ ጠንከር ሲል ነጠብጣቡ እዚያው ቦታው ላይ ይገኛል።

ዘንድሮ ለራሴ ቃል ገባሁ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ የቀለም ብሩሽ እዚህ ግድግዳ ላይ አያርፍም። የሻጋታን ዘር ከቤት ማጥፋት አይቻልም። በአየር ላይ ሁልጊዜ አለ፤ በመስኮትም በልብሳችንም ይገባል። ምግቡም ሞልቷል። የሳሙና ቅሪት፣ የገላ እድፍ፣ አቧራ፣ ቀለሙ ራሱ ይበቃዋል። ልንከለክለው የምንችለው ውሃውን ብቻ ነው። እንጀራ በክረምት ቶሎ የሚሻግተው ለምን እንደሆነ ጋግሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

ቤታችን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከአያት አለፍ ብሎ፣ ወደ ለገጣፎ አቅጣጫ። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ከላያችን አራተኛው አለ። ባኞ ቤቱ 1.4 በ2 ሜትር ነው፣ ከፍታው 2.5። ሴራሚኩ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ልስንና ቀለም ነው። አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው። እሷንም ካቻምና ብርድ ይገባል ብዬ በላስቲክ ሸፍኛታለሁ።

ሐምሌ 2

ዛሬ ምንም አላጸዳሁም። ባትሪ ይዤ ወንበር ላይ ቆሜ ግድግዳውን ብቻ አየሁ። እስከ ዛሬ «ሻጋታ» ብዬ በአንድ ስም የምጠራው ነገር ሦስት የተለያየ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

አንደኛው የጥጉ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ጥጥ በበረኪና ነክሬ አንዷን ነጥብ ነካሁ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ነጣች። እድፍ ወይም ጥላሸት ቢሆን እንዲህ አይነጣም። እሱ ሻጋታ ነው።

ሁለተኛው ሻወሩ ሥር፣ በሴራሚኮቹ መሃል ፉጋው ላይ የሚወጣው ሮዝማ የሚያሙለጨልጭ ነገር ነው። ይኼ ሻጋታ አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ሴራሺያ የሚባለው ነው። የሳሙና ቅሪትና የማይደርቅ ወለል ይወዳል። በሳሙናና በብሩሽ ይለቃል፤ ወለሉ ካልደረቀ ይመለሳል።

ሦስተኛው አስደነገጠኝ። በቧንቧው በኩል ባለው ግድግዳ፣ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ፣ ቀለሙ አብጧል። ከሥሩ እንደ ጥጥ የነጣ ብናኝ ይታያል። ነጭ ሻጋታ መስሎኝ ነበር። አንድ ጠብታ ውሃ አደረግሁበት፤ ሟሟና ጠፋ። ሻጋታ በውሃ አይሟሟም። ይኼ ጨው ነው። ውሃ በሲሚንቶ ውስጥ ሲያልፍ ጨዉን አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ውሃው ሲተን ጨዉ ግድግዳው ላይ ይቀራል። እናም እዚያ ግድግዳ ውስጥ ውሃ እየሄደ ነው።

ሰዎች ጥቁር ሻጋታ ሲያዩ በጣም የሚፈሩት ስታኪቦትሪስ የሚባለውን ዓይነት ነው። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ጥቁር የሚሆኑ ብዙ ዓይነቶች አሉ። የትኛውም ይሁን የሚደረገው አንድ ነው፤ መጥረግና ማድረቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ መመሪያ ሲያወጣም «እስከዚህ ድረስ ምንም አይልም» የሚል መጠን አላስቀመጠም። ያለው ነገር ግልጽ ነው፤ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከሳልና ከአስም ጋር ይያያዛል፣ ስለዚህ ይከላከሉት፣ ያስወግዱት። ልጄ ክረምት በመጣ ቁጥር አፍንጫው ይደፈናል። ምክንያቱ ይኼ ይሁን ሌላ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን እያየሁት እንዲተነፍሰው አልፈልግም።

ሐምሌ 4

ከወፍራም ላስቲክ ሁለት ቁራጭ ቆረጥኩ፤ እያንዳንዱ የአንድ መጽሐፍ ገጽ ያህላል። አንዱን በውጭው ግድግዳ ጥግ፣ አንዱን በቧንቧው ግድግዳ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቄ ለጠፍኩ። ሁለት ቀን ይቆያሉ። ማንም እንዳይነካቸው ተናግሬያለሁ።

ሐምሌ 6

የውጭው ግድግዳ ላስቲክ ላዩ ላይ፣ ወደ እኛ በኩል፣ ጠብታ ይዟል። ከኋላው ደረቅ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለው ውሃ ከክፍሉ አየር የመጣ ነው።

የቧንቧው ግድግዳ ላስቲክ ተቃራኒ ሆነ። ላዩ ደረቅ፣ ከኋላው ላብ። እዚያ ያለው ውሃ ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ነው።

ሁለት ውሃ ነው ያለን። ለሦስት ዓመት በአንድ ቀለም ልሸፍናቸው ነበር የደከምኩት።

የመጀመሪያው ውሃ ነገሩ እንዲህ ነው። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል እንፋሎት መያዝ ይችላል። ያው አየር 10 ዲግሪ ሲሆን 9 ግራም ከትንሽ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው። የተረፈው ውሃ ሆኖ ቀዝቃዛው ነገር ላይ ያርፋል። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ የሚያልበው ለዚህ ነው። የእኛ ክረምት ሌሊት ደግሞ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ያ ጥግ የሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ ኮንክሪት፣ ጠርዝ ወደ ውጭ የሚወጣበት ነው፤ በሁለት በኩል ይቀዘቅዛል። ማታ በሙቅ ውሃ ታጥበን በሩን እንዘጋለን። ሌሊቱን ሙሉ ጥጉ ሲያልበው ያድራል።

የመስኮቷን ላስቲክ ዛሬውኑ ቀድጄ ጣልኩት።

ሐምሌ 8

ከመርካቶ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አስመጣሁ። ሻወር ከተወሰደ በኋላ 97 በመቶ አነበበች። መስኮትና በር ተዘግቶ ከሦስት ሰዓት በኋላ 88። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በታች ይሁን፣ ከተቻለ ከ30 እስከ 50 ይላል። በሐምሌ እኛ ሳሎን እንኳ 66 ነው። ቢሆንም 88 እና 66 አንድ አይደሉም።

ከዚያ ልብሱን አሰብኩ። በክረምት በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ስለማይደርቅ እኛ ባኞ ቤት ውስጥ ገመድ ወጥረናል። ዛሬ በእጅ ታጥቦ የተጨመቀውን ልብስ ከማስጣቴ በፊት በሚዛን መዘንኩት፤ 6 ኪሎ ተኩል። ማታ ሲደርቅ 4 ኪሎ ሆነ። ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ የት ገባ? አየሩ ውስጥ፣ ከዚያም ያ ጥግ ላይ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይህን እናደርጋለን። ቁጥሩን ለባለቤቴ ሳሳየው ገመዱን ራሱ ፈታው። ከእንግዲህ በረንዳ ላይ፣ ከክዳኑ ሥር ይሰጣል፤ ሁለት ቀን ቢፈጅም ይፍጅ።

ሁለቱ የውሃ በርሜሎችም እዚያው ናቸው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከባኞ ቤት ማውጣት አልቻልንም። ክዳን ግን አልነበራቸውም። አሁን አላቸው።

ሐምሌ 11

ሁለተኛው ውሃ። ከቧንቧችን ይሆን?

ይህን ለማወቅ ቆጣሪ ማየት በቂ ነው፤ ችግሩ ውሃው መምጣት አለበት። ትናንት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መጣ። በርሜሎቹን ሞላሁ፣ ቧንቧ ሁሉ ዘጋሁ፣ የሽንት ቤቱን ታንከር ጭምር። ጃኬት ደርቤ ወደ ምድር ቤት ወረድኩና ቆጣሪውን አነበብኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሜ ወረድኩ። ቁጥሩ አልተነቃነቀም፤ ትንሿ መዘውርም ቆማለች። የእኛ የውሃ መስመር አያፈስም።

የቀረው ከላይ ነው።

ሐምሌ 13

ዛሬ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁና አበላሸሁት።

ከላያችን ያሉት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጆቻችን ሁሉ እማማ ይሏቸዋል። ገና ሰላም እንዳልኳቸው «እትዬ፣ ከእርስዎ ባኞ ቤት ወደ እኛ ውሃ ይወርዳል» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ እዚህ ስኖር በእኔ ውሃ የተማረረ ጎረቤት የለም» አሉኝ። ቡና አቀረቡልኝ። ባኞ ቤቱን ግን አላሳዩኝም።

እውነታቸውን ነው። እሳቸው ወለላቸው ደረቅ ነው፤ የሚያዩት ነገር የለም። ምልክቱ ያለው እኔ ቤት ነው። «ቡና ጠጡልኝ» ብዬ መጀመሪያ ወደ እኔ ቤት መጥራት ነበረብኝ። ደግሞም ግምቴ ገና ግምት ነው።

ሐምሌ 19

ጽዳት። የእኛ ሻጋታ ጠቅላላው አንድ ካሬ ሜትር አይሞላም፤ ይህን ያህሉን በራስ አቅም ማጽዳት ይቻላል። ጓንት፣ ማስክ፣ የዓይን መነጽር አደረግሁ። ልጄ ጎረቤት ዋለ።

ከዚህ በፊት የማደርገው ስህተት በደረቁ መፈግፈግ ነበር። በደረቁ ሲፈገፈግ ዘሩ ብን ብሎ ቤቱን ይሞላል። ስለዚህ መጀመሪያ በሚረጭ ጠርሙስ ጥጉን አረጠብኩት። ከዚያ ሙቅ ውሃና ላርጎ፣ ጠንካራ ብሩሽ። ብዙው በሳሙና ብቻ ለቀቀ። ለሴራሚኩና ለፉጋው በረኪና ተጠቀምኩ፤ ለ4 ሊትር ውሃ ከ1 ኩባያ አይበልጥም። በረኪና ልስን ላይ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። ላዩን ያነጣል፤ ውሃው ግን ውስጥ ይገባል፣ ሥሩ እዚያው ይቆያል። ነጣ ብሎ ደስ ያሰኛል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይጠቁራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በትልቁ ልጻፍ። ጠዋት ሽንት ቤቱን በአሲድ አጥቤ ነበር። በደንብ በውሃ ሳላለቀልቅ በረኪናውን ወለሉ ላይ ደፋሁ። ወዲያው ጉሮሮዬን የሚያንቅ ሽታ ወጣ፣ ዓይኔ አለቀሰ። ክሎሪን ጋዝ ነው። ሁሉንም ጥዬ ወጣሁ፣ በሩንም መስኮቱንም በረገድኩ፣ አንድ ሰዓት አልተመለስኩም። በረኪና ከአሲድ ጋር፣ ከአቼቶ ጋር፣ አሞኒያ ካለው ማጽጃም ጋር አይገናኝም። «አቼቶና በረኪና ቀላቅላችሁ» የሚል ምክር የሰጣችሁን ሰው አትስሙት። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ይጎዳል።

የሻወሩ ጥግ ሲሊኮን ሊጸዳ አልቻለም። ሻጋታው ውስጡ ገብቷል። በምላጭ ቆርጬ አወጣሁት። ሌላ የምሞላው ሲደርቅ ነው።

ሐምሌ 20

የጣሪያውን ቀለም በስፓቱላ ፋቅሁ። እንደ ቅጠል ተነሳ። ሦስት ድርብ አለው፤ ነጭ፣ ክሬም፣ ነጭ። በየድርቡ መሃል ስስ ጥቁር አለ። የየዓመቱ ጳጉሜ እንደ ገጽ ተደርድሯል። አንዷን ቅራፊ በፌስታል አስቀመጥኳት፤ ለቀለም ቀቢው ላሳየው።

ሐምሌ 27

የአየር ማስወጫ ፋን ገባ። ለዚህ ክፍል ትልቅ አያስፈልግም። 1.4 በ2 በ2.5 ማለት 7 ሜትር ኩብ ነው። የባኞ ቤት አየር በሰዓት 8 ጊዜ ቢቀየር ይበቃል ይባላል፤ ያ 56 ሜትር ኩብ ነው። የገዛሁት 90 የሚያወጣ ነው። ከመስኮቷ የላይኛውን መስታወት አስወጥተን በአልሙኒየም ተካነው፤ አልሙኒየሙ ላይ ክብ ተበስቶ ፋኑ ተገጠመ። መስመሩን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው የዘረጋው፤ ማብሪያው ከባኞ ቤቱ ውጭ ነው። ይህን በእርጥብ እጅ መነካካት አያስፈልግም።

በመጀመሪያው ቀን ፋኑ ይጮሃል እንጂ አይስብም። ሶፍት ወረቀት ወደ አፉ ሳስጠጋ አልተለጠፈም። ምክንያቱ በሩ ነው። በሩ ጥርቅም ብሎ ስለሚዘጋ አየር የሚገባበት የለም፤ ካልገባ ደግሞ አይወጣም። አናጢው የበሩን ግርጌ አንድ ሴንቲ ተኩል ላገልን። አሁን ወረቀቱ ተለጥፎ ይቀራል።

መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ፤ ያኔ መስኮቷ ናት። ባለቤቴ «ልጁን ብርድ ይመታዋል» ይላል፤ እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ስለዚህ ተስማማን። ሰው እየታጠበ መስኮት አይከፈትም። ለብሶ ከወጣ በኋላ መስኮቱ ይከፈታል፣ የባኞ ቤቱ በር ደግሞ ይዘጋል፤ እንፋሎቱ መኝታ ቤት እንዳይገባ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ርካሹ ነገር ነው። የመስታወት መጥረጊያ ጎማ። የመጨረሻ የታጠበው ሰው ሴራሚኩን ከላይ ወደ ታች ይጠርጋል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ቀን የተጠረገውን በትሪ ተቀበልኩት፤ ሁለት የቡና ስኒ ሞላ። ያ ሁሉ ሊተን የተዘጋጀ ውሃ ነው። ዛሬ ጎማ ተጠርጎ፣ ፋን ለ30 ደቂቃ ሠርቶ፣ መለኪያዋ 69 አነበበች።

ሐምሌ 30

እማማ ለፍልሰታ ወደ ገዳም ሊሄዱ ነው። ደረጃው ላይ ሻንጣ ሳግዛቸው ነገሩኝ። እስከ በዓሉ ሱባኤ ይይዛሉ። ቤታቸው ተቆልፎ ይከርማል። «በጸሎት አስቡን» አልኳቸው። ሳሙኝ። ያለፈው ቅር መሰኘት የተረሳ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ ነው የገባኝ። ለ16 ቀን እዚያ ላይ ሻወር የሚወስድ ሰው የለም።

እርሳስ አነሳሁ። በቧንቧው ግድግዳ ላይ የእርጥበቱን ዳር ተከትዬ መስመር አሰመርኩ። ከጎኑ «ሐምሌ 30» ብዬ ጻፍኩ።

ነሐሴ 5

እርጥበቱ ከመስመሩ ሁለት ጣት ሸሽቷል። ውጭ ዝናቡ ሳያቋርጥ እየዘነበ ነው። ስለዚህ ከጣሪያ የሚወርድ ዝናብ አይደለም።

ነሐሴ 12

አንድ መዳፍ ሙሉ ሸሸ። አዲስ መስመር አሰመርኩ። መሃሉ ላይ ጨዉ ደርቆ ይረግፋል። ጠረግሁት፤ አልተመለሰም።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆች ደረጃውን «ሆያ ሆዬ» እያሉ ሲወጡ እናቴ ከደብረ ብርሃን ደረሰች። የተፋቀውን ጣሪያ አይታ መጀመሪያ ያለችው «ወይራ አጥኚበት» ነው። አጠንኩበት፤ ቤቱ ሸተተ፣ ደስ አለን። የወይራ ጭስ ሽታውን ይለውጣል፣ ሻጋታውን ግን አያነሳውም። ሁለተኛው ምክሯ ግን ወዲያው ልቤ ገባ። «ቀለሙን ምን አደረገልሽ? እኛ ቤት ድሮ ኖራ አልነበረም የሚቀባው?»

ኖራ! ለምን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም? ኖራ የሚያቃጥል፣ የአልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ጠባዩ ኃይለኛ የሆነ ነገር ነው፤ ሻጋታ እዚያ ላይ መኖር ይቸግረዋል። ደግሞ ይተነፍሳል። ፕላስቲክ ቀለም እርጥበቱን አፍኖ ሲያብጥ፣ ኖራ ያስወጣዋል። የሚበላ ነገርም የለበትም። እናቴ የተወለደችበት ቤት ግድግዳ በየዓመቱ ለመስቀል በኖራ ይነጣ ነበር።

ነሐሴ 19

እማማ ትናንት ተመለሱ። ማታ ውሃ ሲወርድ ሰማሁ። ዛሬ ከሰዓት እርጥበቱ የነሐሴ 12ን መስመር አልፏል።

በዚህ ጊዜ አልወጣሁም። ቡና አፈላሁና ጠራኋቸው። እናቴም ስላለች ጨዋታው ደራ። ከዚያ «እማማ፣ ኑ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብዬ ባኞ ቤት አስገባኋቸው። ሁለቱን መስመሮችና ቀኖቹን አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው በጣታቸው ዳሰሱት። «ሱባኤ የገባሁበት ቀን ነዋ» አሉ። ቀጥለውም «ልጄ፣ ይቅር በይኝ፣ አላመንኩሽም ነበር።» እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አነጋገሬ ልክ አልነበረም።

ወጪውን እኩል እንካፈላለን ተባባልን። ሕጉ ምንም ይበል ምን፣ በጡረታ የሚኖሩ እናት ብቻቸውን ሊከፍሉት አይገባም። ጥቅሙ የእኔ ቤት ነው።

ከነሐሴ 23 ጀምሮ

ቧንቧ ሠራተኛው በእማማ ወለል የውሃ ማፍሰሻው ዙሪያ አራት ሴራሚክ አነሳ። ፉጋው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አላት። ከሥር ያለው ሲሚንቶ እንደ ጭቃ ረጥቧል። በማፍሰሻው ቱቦና በሶሌታው መሃል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ሲሠራ ነው ሳይደፈን የቀረው።

ክፍተቱን በሲሚንቶ ደፈነ። ሲደርቅ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ሁለት ጊዜ ቀባው፣ ወደ ግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል አወጣው። ሴራሚኩን ወዲያው ሊመልስ ሲል ለመንኩት። መጀመሪያ እንፈትነው። ማፍሰሻውን በጨርቅና በላስቲክ ደፍነን ወለሉ ላይ ሦስት ሴንቲ ውሃ አቆምን። የቧንቧ ውሃ ስለሌለ ከአሸንዳው የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በባልዲ አወጣን። 24 ሰዓት ቆየ። እኔ ከሥር በባትሪ ሳይ አመሸሁ፣ በሌሊትም ተነሳሁ። ምንም ጠብ አላለም። ከዚያ በኋላ ሴራሚኩ ተመለሰ።

የእኛ ግድግዳ ቶሎ እንዲደርቅ «የከሰል ምድጃ አስገብተሽ በሩን ዝጊው» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። አይሆንም። በተዘጋ ክፍል ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይገድላል፤ ሽታ እንኳ ሳይኖረው። ፋኑ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ፀሐይ ብልጭ ስትል መስኮቱም በሩም ይከፈታል። ጊዜ ይፈልጋል፤ እጠብቃለሁ።

ጳጉሜ 1

ላስቲኩን ደግሜ ለጥፌ ነበር። ከኋላውም ከፊቱም ደረቅ።

ኖራ በፕላስቲክ ቀለም ላይ አይዝም። ስለዚህ የእርሳስ መስመሮቹ ካሉበት አንድ ስንዝር በስተቀር ከሴራሚኩ በላይ ያለውን ሁሉ እስከ ልስኑ ፋቅን። ባለቤቴና እኔ ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። የተሰነጣጠቀውን በሲሚንቶ ሞላን እንጂ ስቱኮ አልተጠቀምንም።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል ነው። ቀትር ላይ ዝናቡ ሲወርድ የግቢው ልጆች ሁሉ ወጥተው ተጠመቁ፤ የእኔም አብሯቸው። እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ ተቀበለች፣ ፊቷንም ዳሰሰችበት። ሁለት ወር ሙሉ ውሃ ስከላከል ከርሜ ነው፤ ዛሬ ግን እኔም ወርጄ ረጠብኩ።

ማታ የመጀመሪያው የኖራ ቅብ። በደንብ ተጣርቶ እንደ ስስ አጃ ሾርባ ሆነ። ጓንትና መነጽር የግድ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። ግድግዳው መጀመሪያ በውሃ ይረጥባል፤ ደረቅ ግድግዳ ኖራውን ቶሎ ስለሚጠጣው ይረግፋል። ስትቀቢው ምንም የተቀባ አይመስልም፤ እንደ ውሃ ነው። ሲደርቅ ይነጣል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ አንድ ወፍራም ቅብ ሳይሆን አራት ስስ ቅብ ያስፈልጋል፤ በየመሃሉ አንድ ቀን።

እናቴ «ጨው ጣል አድርጊበት፣ እንዳይለቅ» አለች። ለሌላ ክፍል ይሆናል። ጨው ግን እርጥበት ይስባል፤ ለባኞ ቤት አልፈለግሁትም። እሷም ካስረዳኋት በኋላ ተስማማች።

መስከረም 2

አራተኛው ቅብ ትናንት፣ በእንቁጣጣሽ፣ አልሆነም፤ እንግዳ በዛ። እንግዳው ከሄደ በኋላ ዛሬ ጨረስን። አዲሱ ሲሊኮንም ገባ። ቀለም ቀቢው እንደ ልማዱ ደውሎ ነበር። መጥቶ ሦስት ድርብ ያላትን ቅራፊ አየ፣ አገላበጣት። «ይዣት ልሂድ?» አለኝ። ሰጠሁት።

መስከረም 26

ክረምቱ ትናንት ወጣ። ባኞ ቤቱ ጠዋት 58 አነበበ፤ ሻወር ከተወሰደና ፋን ለግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ። ልብስ በረንዳ ላይ በአንድ ቀን ይደርቃል።

ጥጉ ነጭ ነው። ከቦይለሩ ጀርባ፣ ጎማው የማይደርስበት ቦታ፣ አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አገኘሁ። በሳሙና ጠርጌ በእርሳስ ከበብኳትና ቀኑን ጻፍኩ። ቦይለሩን ከግድግዳው አራት ጣት ራቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሠራተኛውን እጠይቃለሁ።

የቧንቧውን ግድግዳ ኖራ ስንቀባ አንድ ስንዝር ያህል ትቼ ነበር። ሐምሌ 30 እና ነሐሴ 12 የተጻፈባቸው ሁለቱ መስመሮች እዚያ አሉ። ዛሬ እማማ ለቡና ሲወርዱ ገብተው አይተዋቸው ወጡ። «አሁንም ደረቅ ነው» አሉኝ።